«ዳቦ ልከልክለው?»፦ ስለ ስኪዞፍሬኒያና ስለ ምግብ

ይህ ጽሑፍ የአእምሮ ሕሙማን ቤተሰቦች በተሰበሰቡበት አንድ አዳራሽ ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። እዚህም እዚያም ቆርጬለታለሁ፤ አነጋገሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ላይ ባዶ ወንበር አለ። ኑ ግድ የለም፣ ጥያቄ አልጠይቃችሁም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ የሥነ አእምሮ ሐኪም አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆሜ፣ ሰው ለሐኪሙ ያልነገረውን ሲነግረኝ እውላለሁ። ነጭ ጋውን ስለለበስኩ ሁሉም «ዶክተር» ይለኛል። ማረም ከተውኩ ቆየሁ።

የዛሬው ወሬ የመጣው ከዚያው መስኮት ነው። የልጃቸውን መድኃኒት በየወሩ እየመጡ የሚወስዱ አንድ እናት አሉ። ልጁ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለበት የተነገራቸው ገና ሃያ ዓመት አልፎት ሳይቆይ ነው። አንድ ወር ቀሩብኝ። በሚቀጥለው ወር መጡና «ዶክተር፣ ዳቦ ልከልክለው ወይ?» አሉኝ። የእህታቸው ልጅ ከውጭ አገር ቪዲዮ ልኮላቸዋል። በሽታው የሚመጣው ከስንዴ ነው ይላል ቪዲዮው። ዳቦና ፓስታ ካስቆሙት ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። «መድኃኒቱስ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ለካ እሱንም አስቁመውታል።

ከኋላቸው ወረፋ ነበር። የሁለት ደቂቃ መልስ ሰጠኋቸውና ሄዱ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ጥያቄያቸው የሞኝ ጥያቄ አልነበረማ። እሳቸው የጠየቁትን ትልልቅ ተመራማሪዎችም ሲጠይቁት ኖረዋል፤ አንዱ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመ ሰው ነው። ዛሬ ያንን የሁለት ደቂቃ መልስ ልጨርሰው ነው የመጣሁት። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ከስሙ እንነሣ። «ስኪዞፍሬኒያ» የሚለውን ቃል በ1908 ያወጣው ኦይገን ብሎይለር የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም ነው። በግሪክኛ የተሰነጠቀ አእምሮ እንደ ማለት ነው። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው አንዱ ሰው ሁለት የሚሆንበት በሽታ ይመስለዋል። አይደለም። ብሎይለር ሊል የፈለገው ሐሳብ፣ ስሜትና ምግባር አብሮ መሄድ ሲያቅተው ነው። ሕመምተኛው ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል። ጎረቤት የሚያሴርበት፣ ሬዲዮው ስለሱ የሚያወራ ይመስለዋል። ይህ ጩኸት ያለው ክፍል ነው። ጸጥ ያለም ክፍል አለው፤ ከአልጋ መነሣት ያቅታል፣ ሰው ያስጠላል፣ መታጠብ ይቀራል። ቤተሰብ «ሰነፈ» የሚለው ይኼኛውን ነው። ቤተሰብን ይበልጥ የሚያደክመውም እሱ ይመስለኛል።

በዓለም ላይ ከ300 ሰው 1 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እኛ ዘንድ ሰው ቡዳ፣ ዛር፣ መተት እያለ ምክንያት ይፈልግለታል። ዛሬ ወደዚያ አልገባም። ጸበል ለሚሄድ ግን አንድ ቃል አለኝ፤ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ከዚህ በላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

አሁን ወደ ምግቡ። ታሪኩ የሚጀምረው ከበቆሎ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ፔላግራ የሚባል በሽታ ተስፋፋ። መጀመሪያ ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ፣ እጅና አንገት፣ ይጠቁርና ይላጣል። ከዚያ ተቅማጥ ይመጣል። ከዚያ አእምሮ ይነካል። ሰውየው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ የገዛ ቤቱ ይጠፋበታል። ካልታከመ ይሞታል። የየግዛቱ የአእምሮ ሆስፒታሎች በነዚህ ሰዎች ተጨናንቀው ነበር። ብዙ ሐኪሞች ተላላፊ ነው ብለው ጀርሙን ፍለጋ ገቡ።

በ1914 መንግሥት ጆሴፍ ጎልድበርገር የሚባል ሐኪም ላከ። ጎልድበርገር ማይክሮስኮፑን ትቶ ዙሪያውን ማየት ጀመረ። በየሆስፒታሉና በየማሳደጊያው የሚታመሙት ነዋሪዎቹ ናቸው። አብረዋቸው የሚውሉት ነርሶችና ጠባቂዎች አይታመሙም። ተላላፊ ከሆነ ጀርሙ ደመወዝተኛውን በምን ለየው? ልዩነቱ ሳህኑ ላይ ነበር። ነዋሪው የሚቀርብለት የበቆሎ ገንፎ፣ የበቆሎ ቂጣና ጥቂት ጮማ ነው። ሠራተኛው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ያገኛል።

ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ጃክሰን ከተማ፣ በነበሩ ማሳደጊያዎች ለልጆቹ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ አስጨመረ። ፔላግራው ከሞላ ጎደል ጠፋ። በ1915 ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። በዚያው ግዛት ባለ የእስረኞች እርሻ ላይ፣ ምሕረት ይደረግላችኋል የተባሉ ፈቃደኛ እስረኞችን ያንኑ በቆሎ የበዛበት ምግብ ለወራት አበላቸው። እስከ መጨረሻ ከቆዩት 11 ሰዎች 6ቱ ፔላግራ ያዛቸው። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚፈቅድ የለም፤ ደግ ነው አለመፈቀዱ።

ተቺዎቹ ይህም አልበቃቸውም። ጎልድበርገር በ1916 የሕሙማኑን ደም ለራሱ ተወጋ። የቆዳቸውን ቅርፊትና ዓይነ ምድራቸውን ሳይቀር አዘጋጅቶ ዋጠ። ባለቤቱ ሜሪም ደሙን ተወጋች። ፔላግራ የያዘው ሰው አልነበረም። እራት በልታችሁ የመጣችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሰውየው በ1929 ሲሞት የጎደለው ንጥረ ነገር ስሙ እንኳ አልታወቀም ነበር። በ1937 ኮንራድ ኤልቬጀም የሚባል የዊስኮንሲን ተመራማሪ ደረሰበት፤ ኒያሲን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ3 ነው። በቆሎ ውስጥ ኒያሲን የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ግን ታስሮ ነው ያለው፣ አንጀት አይፈታውም። ሜክሲኮዎች ከጥንት ጀምሮ በቆሎውን በኖራ ውኃ ስለሚቀቅሉት ይፈታላቸዋል። በቆሎው አሜሪካ ደቡብ ሲገባ የኖራው ብልሃት አብሮት አልገባም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «አብዷል» ተብሎ ግቢ የተዘጋበት ሰው ቫይታሚን ተሰጥቶት በቀናት ውስጥ ወደ ልቡ ሲመለስ የሚያይ ሐኪም ምን ያስባል? በሚቀጥለው ክፍል የተኛው ስኪዞፍሬኒያ የተባለውስ ይላል። እኔም ብሆን እላለሁ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ የዚያ ተስፋ ልጅ ነው።

በ1950ዎቹ ካናዳ፣ ሳስካችዋን በሚባል ግዛት፣ አብራም ሆፈርና ሃምፍሪ ኦዝመንድ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። ሐሳባቸው ቀላል ነው። አድሬናሊን፣ ስንደነግጥ ሰውነታችን የሚያመነጨው ኬሚካል፣ ሰውነት ውስጥ ሲበላሽ አድሬኖክሮም የሚባል ነገር ይሆናል፤ ያ ነገር አእምሮ ያሳክራል፤ ኒያሲን በብዛት ከተሰጠ ያ ይቀንሳል። ለሕሙማን በቀን ግራሞች የሚሞላ ኒያሲን መስጠት ጀመሩ። ፔላግራን ለመከላከል የሚበቃው እኮ ሚሊግራሞች ነው። ውጤቱ ጥሩ ነው ብለው ጻፉ። በ1968 ላይነስ ፖሊንግ ገባበት። ፖሊንግ የኬሚስትሪና የሰላም ኖቤል የወሰደው ሰው ነው። እያንዳንዱ አእምሮ የሚስማማው የቫይታሚን መጠን አለው ብሎ ጻፈ። እሱ ሲናገር የማይሰማ አልነበረም።

ሌሎች ሐኪሞች ሙከራውን ሲደግሙት ግን ውጤቱ አልተገኘም። በ1973 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ጉዳዩን አስመርምሮ፣ የቫይታሚን ክምር ስኪዞፍሬኒያን ለማከሙ ማስረጃ የለም አለ። ሆፈር እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልተቀበለውም። ዛሬም ኢንተርኔት ላይ በሱ ስም የሚሸጥ ብልቃጥ አይጠፋም። ብዙ ኒያሲን ጉበት እንደሚጎዳ ከብልቃጡ ላይ አታነቡትም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ነገሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ እንዳይመስላችሁ። ኒያሲን የዋጠ ሰው ፊቱና ደረቱ በርበሬ ይመስላል፣ ይቀላል፣ ይለበልበዋል። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች የተወሰኑት ግን ያን ያህል አይቀሉም። ይህ ተደጋግሞ ታይቷል። መድኃኒት ያልሆነው ቫይታሚን ስለ በሽታው አንድ ፍንጭ ጥሎ ሄደ።

በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ነገር ላውራችሁ። እኔ በጣም የምወደው ታሪክ ነው፤ ቡና ስላለበት።

በ1950ዎቹ ተመራማሪዎች የሕሙማንን ደምና ሽንት ከጤነኞች ጋር እያስተያዩ ነበር። አንዱ ቡድን በሕሙማኑ ሽንት ውስጥ ጤነኞቹ ላይ በዚያ መጠን የሌለ ኬሚካል አገኘ። ደስታ ሆነ። ተጣርቶ ሲታይ ኬሚካሉ የቡና ነው። ሆስፒታል የተኛ ሰው ከመሰልቸት ብዛት ቡና ያበዛ ነበር። በ1957 ደግሞ ኦከርፌልት የሚባል ስዊድናዊ የሕሙማን ደም አንድን ኬሚካል ቶሎ ቀለም ያስለውጠዋል ብሎ ጻፈ። በደም ምርመራ ስኪዞፍሬኒያ ሊታወቅ ነው ተባለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ምን ሆኖ ተገኘ? የቫይታሚን ሲ ማነስ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ፍራፍሬ አያቀርብም ነበር። ሲሞር ኬቲ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1959 ይህን ሁሉ ሰብስቦ በትዕግሥት አፈረሰው። በሽታውን ያገኘን እየመሰለን የምንለካው የሆስፒታሉን ምግብ ነው እንደ ማለት ነው። ቪዲዮ በላኩላችሁ ቁጥር ይህን ቡና አስታውሱ።

ወደ እናትየው ስንዴ ልመለስ። እሱም መነሻ አለው፤ መነሻውም ረኃብ ነው።

በ1944 ማብቂያ ጀርመኖች በያዙት ሆላንድ ምዕራቡ ክፍል እህል እንዳይገባ ተዘጋ። ክረምት ነው። አምስተርዳም፣ ሮተርዳም፣ ዘ ሄግ ተራቡ። ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው ምግብ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። የቱሊፕ አበባ ሥር እየቀቀሉ በሉ። ዘ ሄግ ውስጥ ዊለም ዲከ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነበር። አንጀታቸው ምግብ አልቀበል የሚል፣ የሚከሱ፣ ሆዳቸው የሚነፋ ሕፃናት ያክም ነበር፤ ሴሊያክ ይባላል በሽታው። ሁሉም ሰው በረኃብ ሲመነምን እነዚህ ልጆች ተሻላቸው። ዳቦ የለማ። ዳቦ ሲመለስ ሕመሙ ተመለሰ። ዲከ ከጦርነቱ በፊትም ስንዴውን ይጠረጥር ነበር፤ በ1950 አስረግጦ ጻፈው። ጥፋተኛው ዛሬ ግሉተን የምንለው፣ የስንዴ፣ የገብስና የመሰሎቻቸው እህሎች ፕሮቲን ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ኩርቲስ ዶሃን ይህን ከስኪዞፍሬኒያ ጋር አያያዘው። በ1966 ባወጣው ጽሑፍ በጦርነቱ ዘመን በፊንላንድ፣ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በካናዳና በአሜሪካ የስንዴ ፍጆታና በስኪዞፍሬኒያ ሆስፒታል የሚገባው ሰው ቁጥር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል አለ። በ1984 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ጨመረ። እህል በማይበላባቸው የፓስፊክ ደሴቶች፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በሰሎሞን ደሴቶችና በያፕ፣ ከ65 ሺህ በላይ ጎልማሶች ውስጥ በግልጽ የሚታይ ስኪዞፍሬኒያ የተገኘው 2 ሰው ላይ ብቻ ነው አሉ። ስንዴና ቢራ ሲገባ በሽታውም ገባ አሉ።

ሲሰማ ያሳምናል። እኔንም ተማሪ ሆኜ አሳምኖኝ ነበር። ግን ስንዴና ቢራ ብቻቸውን አይገቡም። አብረዋቸው መንገድ ይገባል፣ ደመወዝ ይገባል፣ ክሊኒክ ይገባል፣ በሽተኛ የሚቆጥር ሰው ይገባል።

ደግሞ እኛ የራሳችን ቁጥር አለን። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ በዓለም ላይ ግን የታወቀ ጥናት ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት ዞሩ። ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነውን ሰው ሁሉ ጠየቁ፤ ከ68 ሺህ በላይ ሰው። የዶሃንን 65 ሺህ አስታውሱ። እዚያ 2 ተገኘ። ቡታጅራ ላይ ከ300 በላይ። ከሺህ ሰው 5 ያህሉ ማለት ነው። እና ቡታጅራ ሰው ምን ይበላል? ቆጮና በቆሎ፣ እንጀራም። ቆጮ ግሉተን የለውም። በቆሎ የለውም። ጤፍ የለውም፤ ፈረንጅ ጤፋችንን በውድ የሚገዛው ለዚያ ነው። እርግጥ ቡታጅራም ዳቦ ይገመጣል፣ ጠላም ይጠጣል። ስለዚህ ይህን እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ አላቀርበውም። ግን ስንዴ ዋና ተከሳሽ ቢሆን ኖሮ እዚያ ቁጥሩ እንዲህ አይሆንም ነበር ባይ ነኝ።

ዶሃንን ጨርሶ ማሰናበትም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በቅርብ ዓመታት ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች የተወሰኑት ደም ውስጥ የስንዴን ፕሮቲን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ከሌላው ሰው በዝቶ ተገኝቷል። በ2019 ሜሪላንድ ውስጥ ይህ ያለባቸው 16 ሰዎች ሆስፒታል ተኝተው ለ5 ሳምንት ተሞከሩ። ግሉተን የተነሣላቸው ጸጥ ያለው የሕመሙ ክፍል ቀለል አላቸው። መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው ታዲያ። 16 ሰው ነው። የተመረጡ 16 ሰዎች። ከዚህ ተነሥቶ «በሽታው ከስንዴ ነው» የሚል ቪዲዮ መሥራት ከአንድ ጤፍ እንጀራ መጋገር ነው።

ያቺ የሆላንድ ክረምት ግን ገና አላለቀችም።

በዚያ ረኃብ ወራት የተፀነሱ ልጆች ተወለዱ፣ አደጉ፣ ጎልማሳ ሆኑ። በ1990ዎቹ መዝገባቸው ሲገለጥ፣ ረኃቡ በበረታበት ጊዜ የተፀነሱት ላይ ስኪዞፍሬኒያ ከሌሎቹ በእጥፍ ያህል ተገኘ። አንድ አጋጣሚ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ቻይናም ተመሳሳይ ሆነ። ከ1959 እስከ 1961 በነበረው ታላቅ ረኃብ አንሁዊ ግዛት ክፉኛ ተመታ። እዚያ ዉሁ በሚባለው አካባቢ በ1959 ከተወለዱት ስኪዞፍሬኒያ የያዛቸው ከመቶ 0.84 ነበሩ። በ1960 ከተወለዱት 2.15። በ1961 ከተወለዱት 1.81።

ይህ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። የጎደለው አንድ ቫይታሚን፣ የተጨመረው አንድ እህል ብቻ አይደለም። እናት ስትራብ ጽንሱ አእምሮውን የሚሠራበት እያጣ ነው። ሕመሙ የሚታየው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ሌላ አገር አይሄድብኝም። በኛ አቆጣጠር በ77 የተፀነሱት ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። አንዳንዶቻችሁ እዚህ አላችሁ።

አሁን «ታዲያ መንስኤው ምንድን ነው?» የሚል ፊት አያለሁ። አጭር አደርገዋለሁ። ዘር አለበት። አንድ ዓይነት መንታ ከሆኑት አንዱ ቢታመም ሌላው የመታመም ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ነገሩ ዘር ብቻ አይደለም ማለት ነው። በ2022 የወጣ ጥናት ከበሽታው ጋር የሚያያዙ 287 የዘረ መል ቦታዎችን ቆጥሯል፤ እያንዳንዳቸው የሚገፉት ጥቂት ጥቂት ነው። ጥናቱ የተሠራው በአብዛኛው በአውሮፓ ዘሮች ደም ላይ ነው። ይህን ለማስተካከል በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ምራቅ የሰጠበት ትልቅ ሥራ ተሠርቷል።

ዶፓሚን አለ፤ የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው። በ1952 ፓሪስ ሳንት አን ሆስፒታል ክሎርፕሮማዚን የሚባል መድኃኒት ተሞከረ፤ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ድምፁ ራቀላቸው። ለምን እንደሚሠራ ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1963 የዶፓሚንን መንገድ ጠቆመ፤ በ2000 ኖቤል ተሸለመ። አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዶፓሚንን ያበዛል፤ አብዝቶ የወሰደው ጤነኛ ሰውም ድምፅ መስማት ይጀምራል። የአምፌታሚን የሥጋ ዘመድ ካቲኖን ይባላል። የሚኖረውም ጫት ውስጥ ነው። ስለ ምግብ እያወራን «ወደ አፉ የሚገባ ሁሉ» ካላችሁኝ፣ በኔ ግምት ከዳቦው በፊት የሚጠየቀው ጫቱ ነው። ቀጥሎ ጋንጃው። ስዊድን ውስጥ ከ45 ሺህ በላይ ወጣት ወታደሮችን የተከታተለ የ1987 ጥናት፣ ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት ስኪዞፍሬኒያ የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል።

የዓሣ ዘይትም ቪዲዮ ውስጥ አይጠፋም። ቪየና ውስጥ ሕመሙ ሊጀምራቸው ነው የተባሉ 81 ወጣቶች ላይ ተሞከረ። በ2010 ውጤቱ ሲወጣ ያስገርም ነበር፤ ዘይቱን ከወሰዱት የታመሙት ከመቶ 5 ያህሉ፣ ካልወሰዱት ከመቶ 27 ያህሉ። ብዙዎቻችን ጨፈርን። በ304 ሰው ላይ፣ በብዙ አገር፣ ተደግሞ በ2017 ሲወጣ ልዩነት የለም። ጭፈራውን የሰማ ሁሉ ግን ሁለተኛውን አልሰማም።

ቫይታሚን ዲም አለ። ዴንማርክ ውስጥ ሲወለዱ በጣም አንሷቸው የነበሩ ልጆች ኋላ ላይ የመታመም ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታይቷል። ፀሐይ በሌለበት አገር የሚያረግዙ ዘመዶቻችን ሐኪማቸውን ቢጠይቁ አይከፋም። ግን ፀሐይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እስራኤል ፀሐይ ሞልቷታል። እዚያ የመጤዎች ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት ከሁሉ ከፍ ያለው ተጋላጭነት የታየው ከኢትዮጵያ በሄዱት ላይ ነው። ባይተዋርነት፣ መገፋት፣ ከዘመድ መነጠል የሚበላ ነገር አይደለም፤ ወደ ሰው ውስጥ ግን ይገባል።

አሁን ልትደክሙ ነው፤ የመጨረሻው ላይ ነኝ።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ አቅጣጫው አንድ ነበር። ከምግብ ወደ በሽታ። እኛ አገር ግን ተገላቢጦሹ ነው የሚታየኝ። ጉራጌ ዞን፣ ሶዶ ወረዳ በተሠራ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመምተኛ ካለባቸው ቤቶች ከ3ቱ 1 ያህሉ የከፋ የምግብ እጦት አለበት። ጎረቤቶቻቸው ጋ ከ6 ቤት 1 ያህሉ። ምክንያቱን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የሚያርሰው ልጅ ታመመ። እሱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ከሥራ ቀረ። በሬው ለመታከሚያ ተሸጠ።

ቡታጅራ ላይ ደግሞ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ተጠየቁ። «አላምንበትም»፣ «ተሻለኝ»፣ «ያደክመኛል» ያሉ አሉ። ይህ የትም አገር ይባላል። አንዱ መልስ ግን ከፈረንጅ መጽሐፍ ላይ አይገኝም። መድኃኒቱ ያስርባል፤ ቤት ውስጥ ያንን ረኃብ የሚያስታግስ ምግብ የለም። አሜሪካ ያለ ሐኪም በሽተኛው እንዳይወፍር ይጨነቃል። እዚህ ያለችው እናት ክኒኑን ከሰጠችው በኋላ ለሚጠይቀው ሁለተኛ እንጀራ ትጨነቃለች።

ይህን ጥናት ሳነብ ነው ያቺ የመስኮት ላይ ዝምታ የገባችኝ።

በሚቀጥለው ወር እናትየው ሲመጡ ወረፋ አልነበረም። ወንበር ሰጠኋቸው። «እናቴ፣ ማታ ምን ይበላል?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ክኒኑን ከዋጠ ወዲያ እኮ አይጠግብልኝም» አሉ። ድሮ አምስት ዳቦ በሻይ ይሰጡት ነበር፤ እሱ ያስተኛው ነበር። የዳቦ ዋጋ ሲጨምር ሦስት ሆነ። ከዚያ ሁለት። ሌሊት እየተነሣ ምጣድ ያንኳኳል። ታናናሾቹ ይነቃሉ። ቪዲዮው የመጣው ይሄኔ ነው። ዳቦ ክፉ ነው ሲላቸው፣ እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ቀለላቸው። ዳቦው ከቀረ ደግሞ ያለ ዳቦ ክኒኑን እንዴት ይስጡት?

ሐኪሙ ጋ መልሰን ላክናቸው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ያን ያህል ወደማይቀሰቅስ ተቀየረ፤ ለውጡም ቀስ በቀስ ሆነ፣ በአንዴ አይደለም። ዳቦውም ተመለሰ። ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር። ልጁ አብሯቸው ነው፤ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፣ ገብቶ ሰላም አላለኝም። የእህታቸው ልጅ አዲስ ቪዲዮ ልኮላቸዋል፤ አሁን ስለ ወተት ነው። «ይኼንንስ?» አሉኝ ስልኩን እያሳዩ። ወተት ከየት አምጥተው ነው የሚከለክሉት አልኳቸው። እሳቸው ቀድመውኝ ሳቁ።

እሺ፣ ጥያቄ ያለው?